በስክሪፕትሽ ላይ ያላከክኩት ጥፋት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለናዲያ፣ ወራቤ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ የማይለቅ ጉንፋንሽ ተወሽ ወይ? የአባባ ጉልበትስ? የእማማ ደም ግፊትስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤናዬ ደህና ነው። ከየካ ብርድ በቀር የሚነካኝ የለም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ውስጤን የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል።

ያ ለትኬት ቢሮአችን የጻፍሽልን ስክሪፕት፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ሲቀየር ለየመስኮቱ ኢሜይል የሚልከው፣ በኢሜይል ፕሮግራማችን በአውትሉክ ውስጥ ሳለ እንከን አልነበረበትም። እኔ ግን አዋቂ ነኝ ባይ፣ ገልብጬ ዴስክቶፕ ላይ ለብቻው ፋይል አደረግኩት። «ከቦታው ካነሳኸው ንገረኝ» ብለሽኝ ነበር። ታናሼን መጠየቅ ከበደኝ። ኢሜይሉ መሄዱን ሳይማ ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ሳምንት የደሴው መኪና መነሻ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ አሥራ አንድ ተቀየረ። መልእክቱ ኮተቤ መስኮት ደረሰ፤ ግን በቀዩ የአስቸኳይ ምልክት ፋንታ ወደ ታች የምታመለክተውን ሰማያዊ ቀስት ይዞ። እኛ ዘንድ ያቺ ቀስት የእንኳን አደረሳችሁ ኢሜይል ምልክት ናት፤ ሰው ሥራ ሲቀለው ነው የሚከፍታት። የመስኮቱ ሠራተኛ ጫልቱም አልከፈተችውም፣ አልፈርድባትም። በማግሥቱ መንገደኞቿ እኔ ወዳለሁበት ላምበረት መናኸሪያ ሲደርሱ መኪናው ሄዷል። አንድ አባት ወንድማቸውን ሊቀብሩ ነበር የሚሄዱት። አልጮሁብኝም። «ቀጣዩ መቼ ነው ልጄ?» ብቻ አሉኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ፀዳለ ሰብስበውን «ማን ነው ይህን የሠራው?» ሲሉ፣ እኔ ወንድምሽ «እህቴ ናት የጻፈችው» አልኩ። አንቺን ሊቀጥሩሽ ወስነው ነበር እኮ! «እንዲህ ከሆነስ ይቅርብን» አሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

እንቅልፍ ሲነሳኝ ፋይሉን ከፈትኩት። ያልታወቀ ስም ሲያጋጥመው እንዲቆም የሚያዘውን መስመር ከላይ ጨመርኩበት። አስቸኳይነቱን የምትገልጸው ስም ጋ ሲደርስ «ይህን አላውቅም» ብሎ ቀጥ አለ። ለካ ያቺን ስም የሚያውቃት አውትሉክ ነው። ወደ ውጭ ሳወጣት ለፋይሉ ባዶ ሆነች፤ ባዶውን እንደ ዜሮ ቆጠረው፤ ዜሮ ደግሞ አውትሉክ ዘንድ «የማያስቸኩል» ማለት ነው። በስሟ ፋንታ ቁጥሯን፣ ሁለትን፣ ስጽፍበት ተስተካከለ። ጥፋቱ የገዛ እጄ ነበር።

ሰኞ ሁሉም በተሰበሰበበት እውነቱን ተናገርኩ። ወይዘሮ ፀዳለ አልተቆጡም። «ልጅቷ ትምጣ። ግን የምትቀመጠው ካንተ ጎን ነው፤ ትስማማ እንደሆነ ጠይቃት» አሉኝ። ይኸው እየጠየቅኩሽ ነው። ካስጠላሁሽ ወደ ኮተቤ መስኮት እንዲያዛውሩኝ አመልክቻለሁ። አንቺ ብቻ ነይ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ታናሻችን ሀናንን በትምህርቷ እንዳትሰንፍ ንገሪያት። ለጎረቤታችን ለቶፊቅም ሰላም በይልኝ። አባባ «እህትህን አደራ» ሲሉኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝና፣ ይህን ደብዳቤ ምንም ሳትደብቂ አንብቢላቸው።

ወንድምሽ ሱፊያን
የካ፣ ላምበረት
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.