የጥናት ስልቴን እንዳሻሽል ለመከሩኝ ክቡራን

ለተከበረው የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ቦርድ
ባላችሁበት

ክቡራን የቦርዱ አባላት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደ ማኅተማችሁ የጸና፣ እንቅልፋችሁም እንደ መዝገብ ቤታችሁ ማንም የማይከፍተው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። የቤተሰቦቻችሁን፣ የጸሐፊዎቻችሁንና መልስ ወረቀቴን እስከ ዛሬ በታማኝነት ቆልፎ የያዘውን የብረት ቁም ሳጥን ደህንነትም በዚሁ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ውጤት ሊለጠፍ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ ሆን ብዬም ነው። ካለፍኩ በኋላ ብጽፍ ጠግባ ነው፣ ከወደቅኩ በኋላ ብጽፍ አንጀቷ አርሮ ነው መባሉ ስለማይቀር፣ ሁለቱም አፍ ገና ሳይከፈት ላነጋግራችሁ ወሰንኩ። እንደምታውቁት አራት ጊዜ ጥላችሁኛል። አምስተኛውን በቅርቡ ተፈትኛለሁ። በደንባችሁ መሠረት አምስት ጊዜ የወደቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ዳግም ለፈተና አይቀመጥም። ስለዚህ ነገ ጠዋት መስኮታችሁ ላይ የምትለጥፉት ወረቀት ለእናንተ የዕለት ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን ከዚህ በኋላ ቆሜ እናገራለሁ ወይስ እስከ ጡረታዬ ተቀምጬ የሰው ቃል እጽፋለሁ የሚለው ጉዳይ ነው። ፈርቻለሁ፤ መደበቅ አልችልም።

ምናልባት በቁጥር እንጂ በሰውነት አታውቁኝ ይሆናልና ራሴን ላስተዋውቅ። ችሎት ጸሐፊ ነኝ። ከዳኛው ወንበር ሥር ተቀምጬ ከሳሽ ያለውን፣ ተከሳሽ የመለሰውን፣ ምስክር ምሎ የተናገረውን ቃል በቃል እጽፋለሁ። ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ ሕግ ተምሬ በጥሩ ውጤት ተመርቄአለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተነገረኝ የመጀመሪያው ትእዛዝ ከራሴ አንዲት ቃል እንዳልጨምር ነበር፤ እኔም አልጨመርኩም። አንድ ቀን ጠበቃ መግዛት ያልቻለች ሴት ቆማ ስትከራከር፣ ልትጠይቀው የሚገባትን አንድ ነገር ሳትጠይቅ ቀረች። ዳኛው የምትጨምሪው አለሽ ወይ ሲሏት ዞር ብላ አየችኝ። ለምን እኔን እንዳየችኝ አላውቅም፤ ምናልባት በአዳራሹ ውስጥ ሌላ ሴት ስላልነበረች ይሆናል። ማለት ያለባትን አውቀው ነበር፤ ከምላሴ ጫፍ ነበር። እኔ ግን «ከሳሽ የምጨምረው የለኝም አለች» ብዬ ጻፍኩና መዝገቡ ተዘጋ። ፈቃዱን የምፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ፤ ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምክራችሁ። በወደቅኩ ቁጥር በፖስታ የላካችሁልኝን ደብዳቤ አራቱንም ግድግዳዬ ላይ ለጥፌአቸዋለሁ፤ ከቀናቸው በቀር አንድ ነጥብ እንኳ አይለያዩም። «ውድ ተፈታኝ፣ የማለፊያውን ነጥብ አላሟሉም። የጎደለዎትን በዝርዝር ለመግለጽ አሠራራችን አይፈቅድም። የጥናት ስልትዎን አሻሽለው በሚቀጥለው ዙር እንዲሞክሩ እናበረታታለን።» እንዲህ ያለ አጭርና ለሁሉም ሰው የሚሆን ምክር ከየትም አይገኝም። ለጥርስ ሕመምተኛም፣ መንገድ ለጠፋበትም ብትልኩት ያው ነው።

እኔም ምክራችሁን ቃል በቃል ፈጸምኩ። ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ሕጎቹን ከዳር እስከ ዳር በራሴ ድምፅ ስልኬ ላይ ቀዳሁና እያበሰልኩ፣ እየተራመድኩ፣ ልብስ እያጠብኩ አዳመጥኳቸው። ቀስ በቀስ ሰው ሰላም ሲለኝ በአንቀጽ መመለስ ዳዳኝ። በዚህ ስልት ሁለተኛ ወደቅኩ። ቀጥሎ ራሳቸውን «ደጋሚዎች» ብለው ከሚጠሩ ተፈታኞች ጋር ተቧደንኩ፤ ከፎቶ ኮፒ ቤትም የቀድሞ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ገዝተን ከአፍ እስከ ገደፉ ሸመደድን። ከፈተናው በኋላ ስንጠያየቅ መልሶቹን አዘጋጅቶ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ የሸጠው ከቡድናችን አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ከሁላችንም ይልቅ ደጋግሞ የወደቀው። ከዚያ ሦስተኛው ስልት መጣ፤ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ በጊዜ እየተኛሁ፣ ውኃ እየጠጣሁ፣ ራሴን ማስጨነቅ ትቼ በሰላም ተዘጋጀሁ። በሰላምም ወደቅኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምሥጢር ጠባቂነታችሁ። ከአራተኛው ውድቀት በኋላ የጻፍኩትን መልስ እንዳይ ብቻ እንድትፈቅዱልኝ ለመለመን ቢሮአችሁ ድረስ መጣሁ። ምድር ቤት ያሉት ሠራተኛ ወደ ላይ ላኩኝ፤ ላይ ያሉት ደግሞ ይህ የምድር ቤት ጉዳይ ነው አሉኝ። ደረጃውን ስወጣና ስወርድ ውዬ ያገኘሁት ነገር ቢኖር፣ አንድ ትሑት ኃላፊ በመጨረሻ ብቅ ብለው መልስ ወረቀት ምሥጢር መሆኑን ማስረዳታቸው ነው። ከማን የተደበቀ ምሥጢር እንደሆነ ብጠይቃቸው ከተፈታኙ አሉኝ። የራሴን የእጅ ጽሑፍ ከእኔው ሠውራችሁ በመጠበቃችሁ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል። እኔ በምሠራበት ፍርድ ቤት በሬ ሰርቋል የተባለ ሰው እንኳ የሰረቀው በሬ መሆኑ ይነገረዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ መስኮታችሁ። ውጤቱን ከመስተዋቱ በስተጀርባ፣ ከብረት ፍርግርጉም ባሻገር፣ ረጅም ሰው ብቻ በሚያየው ቦታ ስለምትለጥፉት፣ ፀሐይ መስተዋቱ ላይ እያንጸባረቀች መጀመሪያ የሚታየን የራሳችን ፊት ነው። ከዚያ በእግራችን ጣት ቆመን ቁጥራችንን እንፈልጋለን። ለዚህ ችግር የበር ጠባቂያችሁ መላ አበጅተዋል፤ የደጋሚዎቹን ቁጥር በቃላቸው ይዘው ሰው ሳይመጣ ቀድመው ያዩልናል። ባለፈው ጊዜ መንገዱን ሳልሻገር ከሩቅ አዩኝና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገባኝ። እሳቸውን አመስግኜ መስኮቱ ጋ ሳልደርስ ተመለስኩ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ ስለ ውድቀቴ ከልቡ ያዘነ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የምተርከውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

ያን ዕለት ወደ ታላቅ እህቴ ሱቅ ሄድኩ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፊቴን አይታ ወንበር ገፋችልኝ። ሰዎቹ የጠየቁሽንና የመለስሽውን እስቲ ንገሪኝ አለችኝ። እኔም የሰማሁትን መድገም ሥራዬ ነውና የመጨረሻውን ጥያቄ ከነመልሱ አነበነብኩላት። ጥያቄው ቀላል ነበር። እህትና ወንድም ከአባታቸው ቤት ይወርሳሉ፤ ወንድም እህቱን ሳያማክር ቤቱን ይሸጠዋል፤ ገዢው ገብቶ ይኖርበታል፤ እህት ወደ አንቺ ብትመጣ ምን ትመክሪያታለሽ ይላል። እኔ እህት የምትለውን፣ ወንድም የሚለውን፣ ገዢው የሚለውን፣ ሕጉ የሚለውን እያንዳንዱን በየአንቀጹ ጽፌአለሁ። አንድም አልተረሳም። ስጨርስ በኩራት ቀና አልኩ።

«ታዲያ ልጅቷ ቤቷን ታገኛለች ወይስ አታገኝም?» አለችኝ።

ያ እንግዲህ ፍርድ ቤቱ ግራ ቀኙን መርምሮ የሚወስነው ነው አልኳት። መቀሷን አስቀመጠች።

«ፍርድ ቤቱን ተይው። የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ።»

ክቡራን ሆይ፣ አራት ጊዜ የጻፍኩትን ሁሉ በሐሳቤ አገላበጥኩት፤ የትም ቦታ እኔ ምን እንደምል የለበትም። ሦስት ጊዜ ስልት ስቀይር የቀየርኩት ወደ ጭንቅላቴ የሚገባበትን መንገድ እንጂ የሚወጣውን አልነበረም። ለካ እናንተ ጠበቃ ስትፈትኑ እኔ ቃለ ጉባኤ ጽፌ እወጣ ኖሯል። ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ እህቴ ደግሞ ደንበኛ ስለገባ ልብስ መለኪያው ውስጥ ግቢና አልቅሺ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፎቼን አልከፈትኩም ማለት ይቻላል። አዲሱ ስልቴ ይህ ነበር፤ ከሥራ ስወጣ እህቴ ሱቅ እቀመጣለሁ፤ ቅሬታ ይዞ የገባ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ይነግረኛል፤ እኔ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ማን እንደሚያሸንፍ እናገራለሁ፤ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን «በእኔ አስተያየት» የሚሉት ሁለት ቃላት ከአፌ አልወጣ አሉኝ። አንዲት ደንበኛ ቀሚሴ ጠቦ ተሰፋ ስትል፣ እህቴ ደግሞ አንቺ ነሽ የወፈርሽው ስትላት፣ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልኩ የተጻፈበትን ወስጄ፣ ቀሚሱን ለክቼ፣ እህቴ ጥፋተኛ ናት አልኩ። ያሳደገችኝን ሴት በገዛ ሱቋ፣ በደንበኛዋ ፊት። እህቴ ቀሚሱን ፈታ እንደገና ሰፋችው። በማግስቱ ስመጣ ወንበሬን ገፋችልኝና ቀጥዪ አለችኝ።

ስልቱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። አንድ ቀን ችሎት ላይ አንድ ምስክር የተናገረውን ስጽፍ ጣቶቼ ከራሳቸው «ምስክሩ እየዋሸ ነው» ብለው ጨመሩበት። እኔ የምጽፈው በዳኛው መነጽር ፊት ባለው ስክሪን ላይ ወዲያው ይታያል። ስሰርዘው ዳኛው ቁልቁል ያዩኝ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት እንጀራዬም ፈቃዴም አብረው የሄዱ መሰለኝ። ችሎቱ ሲነሣ ጠሩኝና ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እስከዚያው እንዲህ ያለውን ቤትሽ ጻፊ ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ፈተናው ደረሰ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ ውሳኔዬን ጻፍኩ፤ ጽሑፌ ካላማረ ይቅርታ። አልፌ ይሆን? አላውቅም። አራት ጊዜ የጣለኝ ይኸው ጉድለት ይሁን፣ ሌላ ይሁን ዛሬም አላውቅም፤ የማውቀው የልብስ ሰፊ እህቴን ግምት ብቻ ነው። የእኔን ወረቀት ያረመው ሰው ግን ያውቃል። ግምቷ ልክ ከሆነ፣ በኅዳጉ ላይ «ውሳኔ የለውም» ብሎ ሁለት ቃል ጽፎ ቢያሳየኝ ኖሮ፣ ቀሪዎቹን ዓመታት አልከስርም ነበር። ያቺ ዞራ ያየችኝ ሴትም ምናልባት የይግባኟ ጊዜ ሳያልፍ የሚቆምላት ጠበቃ ታገኝ ነበር። በዚህ ነው የተናደድኩት፤ በመውደቄ አይደለም። ነገ ብትጥሉኝም ከእኔ በኋላ የሚመጡት ደጋሚዎች ወረቀታቸውን ይዩ። የምለምናችሁ ይህንን ብቻ ነው፤ ስለ ቀረው ሁሉ አመሰግናለሁ።

በእናንተ ቸርነት ከአንድ ፈተና አምስት ጊዜ ለመማር የታደልኩ፣ ነገ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ የበር ጠባቂያችሁን ባርኔጣ የምመለከት፣ ምክራችሁን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ የማኖር፣

የእናንተው ታዛዥ
ችሎት ጸሐፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ውሳኔን ከምክንያት ማስቀደም እንዳለብኝ ዘግይቼም ቢሆን ስለተረዳሁ፣ ይህን ደብዳቤ ያለ ውሳኔ መዝጋት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። በእኔ አስተያየት ቦርዱ ወድቋል። ውድ ቦርድ፣ የማለፊያውን ነጥብ አላሟሉም። የእኔ አሠራር ስለሚፈቅድ የጎደለዎትን ከላይ በዝርዝር ገልጫለሁ። የአሠራር ስልትዎን አሻሽለው በሚቀጥለው ዙር እንዲሞክሩ አበረታታለሁ።