ባለቤት ያለው ክፍተት

ይድረስ መጻፍ ለሚሰንፈው ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ደጅህ እስኪደርስ ደህና ሁነህ ቆየኝ። እኛ ደህና ነን፤ አባባም ደህና ነኝ ይላል።

አያቶቻችን በጀርባቸው ድንጋይ ተሸክመው ኮረብታው ላይ የሠሩትን ሐውልት ማዘጋጃ ቤቱ አፈርሳለሁ ብሏል። የከተማው ልጅ ሃያ ሲሞላው አንድ ድንጋይ ያኖርበታል፤ አንተ በአሥራ ዘጠኝህ ስለሄድክ ጫፉ ላይ ያለው ቦታህ ክፍት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ፣ «ውሃ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ በዚህ ወር ካልተደፈነ ይፈርሳል» አለ።

አባባ ወገቡን ይዞ፣ «ልጄ፣ ቦታው ባለቤት አለው» አለው።

«የት ነው ባለቤቱ?»

«መንገድ ላይ።»

መንገዱ ዘጠኝ ዓመት እንደፈጀ አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው በየተራ ሐውልቱን ይጠብቃል። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን እዚያው አውጥቶ፣ «ማፍረስ ከእኔ ይጀመር» እያለ ደንበኛ ይላጫል። ትናንት መሐንዲሱም ተላጨ።

አባባ በየቀኑ ይወጣል። ድሮ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው በነበረው ዳገት ላይ አሁን አራት ቦታ ይቆማል። «አገር እያየሁ ነው» ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ድንጋይህን ጠርቦ ከቤታችን በር ሥር አስቀምጦታል። ጎረቤቶች፣ «እኛ እናኑርለት» ቢሉት፣ «እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም» አላቸው። ያለውን ቃል በቃል ጻፍኩልህ።

እንግዲህ ሰላም ሁን። የዚህን መልስ በፖስታ አትላክ፤ በእግርህ አምጣው።

እህትህ