ከጉልበት እስከ ተረከዝ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀዎት ወይስ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ተወዳጅቶ እንደ ዘመድ ተቀምጧል? ዓይንዎስ የመጋዙን ጥርስ ያያል? እማዬ በስልክ ሁሉም ደህና ነው ትለኛለች፤ ግን የእሷን «ደህና» ያውቁታል፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ «ትንሽ ሞቅ ብሎናል እንጂ ደህና ነን» ነው የምትለው። ከራስዎ አፍ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጤናዬ አለሁ፤ የጎደለኝ ቢኖር የእናንተ ፊት ብቻ ነው።

ስልኩ ሲጠራ ወደ ጓሮ እንደሚወጡ አውቃለሁ። እማዬ «አባትሽ እንጨት ሊያይ ወጣ» ስትለኝ ይኸው አራት ዓመት ሆናት። ጓሯችን ውስጥ አራት ዓመት የሚታይ እንጨት እንደሌለ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ወረቀት ሲጠራ አይሰማም፣ ጓሮ ይዘውት ቢወጡም ያው አብሬዎት ነኝ።

እማዬ «ልጄ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው የምትሠራው» እያለች ለጎረቤት አሳምራ እንደምታወራ ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ወንበር ደርዳሪ ነኝ። አዳራሹ ለመጣው ሁሉ ይከራያል፤ ሁለት መቶ አርባ ወንበር አለው። ግድግዳው ላይ የአደራደር ሥዕሎች ከነቁጥራቸው ተለጥፈዋል። ቁጥር ሦስት ከተባለ ወንበሩ ሁሉ ወደ መድረኩ ይዞራል፤ ቁጥር አምስት ከተባለ ግማሹ ከግማሹ ጋር ፊት ለፊት ይገጥምና መሐሉ ባዶ ይሆናል። ኃላፊያችን ቁልፋቸው ከሩቅ ስለሚንሿሿ «ደወሉ» እንላቸዋለን፤ «ዛሬ አምስት!» ብለው ያልፋሉ፣ እኔ እገፋለሁ። ከወንበር ሸሽቼ ወጥቼ ወንበር ላይ ወደቅኩ። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ግን አባባ፣ እዚህ የማየው ነገር አፌን ያስይዘኛል። ዓርብ ቀትር ላይ የሚመጡት ወንበር አይፈልጉም፤ ሁሉንም አውጥቼ፣ ግንባራቸው የሚያርፍበት ነውና ወለሉን ሁለት ጊዜ እወለውልላቸዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የሚመጡት ቁጥር አምስትን ነው የሚወዱት፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ጸሎቱን ይጀምራሉ፣ ወዲህ ማዶ ያሉት ይቀበላሉ። የእሑዶቹ ደግሞ ሲነሱ ሲቀመጡ ወንበሩን ያንገጫግጩታል፣ ሲዘምሩ መስኮቱ ይርገበገባል። ሁሉም ወጥተው ወንበሩን ስሰበስብ ታዲያ መቀመጫው ይሞቃል። እጄን አሳርፍበታለሁ። የማን እምነት ሙቀት እንደሆነ በእጅ አይለይም፤ እኔም ሥራዬን ትቼ እቆማለሁ። ሃይማኖቷን ጣለች ብለው እንዳይሰጉ። ጸሎቴ ያው እርስዎ እንጨት ሲልጉ የሚያነበንቡት ነው፤ ወለል ስወለውል እደግመዋለሁ። ብቻ ይህን ሁሉ ዓይነት ጥሪ በአንድ ጣሪያ ሥር እየሰማ ፈጣሪ አለመሰልቸቱ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ጠዋት ቁጥር አምስት ነበር። ከሰዓት ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሁለት ፓርቲዎች ከነደጋፊዎቻቸው ለክርክር ይመጣሉ፤ እሱ ቁጥር ሦስት ነው፣ ሁሉም ወደ መድረኩ። ጸሎተኞቹ ሲወጡ ጊዜ ስለተረፈኝ ወንበሩን ሳላዞር አውቶቡስ መነሻው ጋ ብቅ አልኩ። የእግሬን ነገር ያውቁታል መቼም። እንጨት የሚያመጣልንን የጭነት መኪና ተከትዬ ስሮጥ ስንቴ ነው ጆሮዬን ይዘው ከድልድዩ የመለሱኝ? አሁንም አልተወኝም። አውቶቡሶቹ ላይ የተጻፈውን የማላውቀውን አገር ስም ሳነብ ልቤ ቀድሞኝ ይሳፈራል። ያን ቀን አንደኛው አሮጌ ነበር፣ መቀመጫው ከእንጨት። የአናጢ ልጅ አይደለሁ? መገጣጠሚያውን ልይ ብዬ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እጁ ይባረክ የሠራው ስል በሩ ተዘጋ! ሹፌሩን ብለምነው ብማጸነው «የሚቀጥለው ፌርማታ» ከማለት ሌላ ቃል አልፈጠረበትም። ያ ፌርማታ ደግሞ ከከተማው ውጪ ነው።

ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በሰው መኪና ስመለስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንበሮቹ እንደተውኳቸው ናቸው። አንዱ ፓርቲ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ፣ እንደዚያ ጸሎተኞች ፊት ለፊት ተፋጠው ተቀምጠዋል። ደወሉ ቁልፋቸውን ጨብጠው አፈጠጡብኝ። በቃ፣ ዛሬ እንጀራዬ ተበጠሰ አልኩ።

መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ነበር፤ የሚናገረውን ማዶ ያለው ያቋርጠዋል፣ የሚያቋርጠውን ሌላው ይጮህበታል። ከወዲህ በኩል አንድ ሽማግሌ ሲናገሩ ቆይተው በንዴት ዘፍ ብለው ሲቀመጡ የወንበራቸው እግር ተሰበረ። አጠገባቸው ያሉት ወገኖቻቸው አላዩም፤ ዓይናቸው ማዶ ነበር። ያያቸው ከማዶ ሆኖ ሲያቋርጣቸው የነበረው ባለ ጢሙ ሰውዬ ነው። ባዶውን መሐል በሦስት እርምጃ አቋርጦ፣ ወለሉን ሳይነኩ ብብታቸው ሥር ገብቶ ደገፋቸው። የሚጮኸው ሁሉ ጩኸቱን ትቶ ወደ እነሱ ዞረ። አባባ፣ ሁሉም ወደ መድረኩ ዞረው ቢሆን ማንም አያያቸውም ነበር፤ ወለሉ ደግሞ ድንጋይ ነው።

መዶሻዬን ይዤ መሐል ገባሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ተንበርክኬ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ሽብልቅ ጠርቤ እግሩን መልሼ ገጠምኩት። ባለ ጢሙ ወንበሩን ያዘልኝ፣ ሽማግሌው ምስማር አቀበሉኝ። ስጨርስ ተቀምጠው ወዘወዙትና ባለ ጢሙን «የእናንተ ነገር እንዲህ ቢጠብቅ ኖሮ እመርጣችሁ ነበር» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አልዋሽዎትም፣ አልተስማሙም፤ እንደተከራከሩ ነው የወጡት። ግን ከዚያ ወዲያ የተናገረ ሁሉ የሚመልስለትን ሰው ፊት እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ደወሉም አልቆጡኝም።

ወንበሩን ስሰበስብ የእኔና የእርስዎ ነገር ድቅን አለብኝ። የዛሬ አራት ዓመት የምርጫው ውጤት የተነገረ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ሬዲዮኑን እያየን ነው የተጣላነው። የእርስዎ ወገን አሸንፏል፣ የእኔ ተሸንፏል። «እንዲህ የምታስብ ልጅ አላሳደግኩም» ያሉት ለሬዲዮኑ ነው። እኔም «እርስዎ ከእንጨት ሌላ ምን ያውቃሉ» ያልኩት ለሬዲዮኑ ነው። ዞር ብዬ ፊትዎን ባይ ኖሮ ያ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። በአራተኛው ቀን ሳይመርቁኝ ወጣሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። በፖለቲካው ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ እርስዎም እንደማይቀይሩ አውቃለሁ፤ ግትርነታችን ላይ እንኳ ያንን ያህል እንመሳሰላለን። የማፍረው በእንጨቱ ነው። በልቼ ያደግኩት በዚያ እንጨት ነው፣ ሽማግሌው ፊት ያላሳፈረኝም እሱ ነው። አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብዬዎት አላውቅም፤ ይኸው አመሰግናለሁ።

እኛ ቤት ልጅ ሲወጣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ በክር ይለኩትና በልኩ ወንበር ይሠሩለታል። እህቴም ወንድሜም የየራሳቸውን ይዘው ሄደዋል፤ እኔ ብቻ ሳልለካ ወጣሁ። ባለፈው እማዬ አምልጧት፣ አንድ ወንበር ጀምረው እግሩን ሳይቆርጡ እንዳቆሙት ነገረችኝ። የማን ነው ብትልዎት «ልኩ አልመጣም» ብለዋታል አሉ። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ክምሩ መሐል ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እማዬን ዓይኗን ይሳሙልኝ፤ «ደህና ነን» ማለቷን ትቀንስልኝ። ለእህቴና ለባሏ፣ ለወንድሜ፣ ላላየኋቸው ልጆቹም ሰላምታዬ ይድረስ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውን ይጠይቁልኝ፤ ክር ከእሱ መለመን የለመደችው ልጅ ዛሬ በራሷ ክር መጣች ይበሉት።

ክሩ በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ አለ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ራሴ ነኝ የለካሁት፤ ቋጠሮው ጉልበቴ ነው። ካልፈለጉት ይጣሉት፣ አልቀየምም። እማዬ ግን «የወንበሩ እግር ተቆረጠ» ብላ ከደወለችልኝ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ያኔ እንኳ አውቄ ነው የምሳፈረው። ሠርተው ሲጨርሱ ታዲያ ሬዲዮኑ ጋ አያስቀምጡት፣ አባባ። ከእርስዎ ወንበር ፊት ለፊት ያድርጉልኝ።

ልጅዎ
ከአዳራሹ የወንበር ማከማቻ
ሰኞ፣ የካቲት ፱ ቀን