ሌሊሳ ሳይናገር የተመረቀበት ዓመት፦ የመምህርት የሺሀረግ ቤዛብሕ የሕይወት ታሪክ

መምህርት የሺሀረግ ቤዛብሕ ከአባታቸው ከአቶ ቤዛብሕ ወርቅነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉ ተክሌ፣ ጉለሌ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ባለው ሰፈር ተወለዱ። መታወቂያቸው 1949 ዓ.ም. ይላል፤ እናታቸው ግን አንድ ዓመት ይጨምሩባቸው ነበር። ቤተሰቡ መታወቂያውን አጽንቷል፤ እርሳቸውም ቢጠየቁ ይህንኑ በመረጡ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአካባቢያቸው ከተከታተሉ በኋላ በ1969 ዓ.ም. የስዕል ትምህርት ቤት ገቡ። ሲመረቁም ዊንጌት አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ስዕል አስተማሩ።

በ1977 ዓ.ም. አዲሱ ገበያ የጎሚስታ ሥራ ከነበራቸው ከአቶ ስብሐት ኃይሌ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። የሙሽራውን ከረባት ነክረው ያቀለሙት ሙሽሪት ራሳቸው ስለነበሩ፣ ቀለሙ በነጩ ሸሚዝ ላይ ሲወርድ ዋለ። አቶ ስብሐት ሸሚዙን ሳያሳጥቡ እስከ ዛሬ አስቀምጠውታል። ከዚህ ትዳር ሮሐና ሰምሀል ተወልደዋል።

በ1998 ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ ወደሚገኝ የስዕልና ዲዛይን ማሠልጠኛ ተዛውረው የጥለት ንድፍ ማስተማር ጀመሩ። በ2007 ዓ.ም. ኦቲዝም ያለበት ሌሊሳ የሚባል ተማሪ ክፍላቸው ገባ። ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይወጣ ነበር። መምህርት የሺሀረግ ደስ ይበለው ብለው አንድ ባዶ የዕቃ ክፍል ቢጫ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ አስቀቡለት፤ ግድግዳውንም በስዕል ሞሉት። ሌሊሳ ገባ፣ ዙሪያውን አየ፣ በመስኮት ወጣ። ሲፈለግ የተገኘው ዘበኛው ቤት፣ ከጭቃው ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ ንድፉን ሲሠራ ነው። “እንዲህ ሰው የሚያባርር ቀለም ቀብቼ አላውቅም!” እያሉ ሲስቁ ዋሉ፤ በማግሥቱ ግን ብሩሽ ይዘው ክፍሉን ራሳቸው ግራጫ ቀቡት። ከዚያ ወዲህ አንዳች ነገር ከማዘጋጀታቸው በፊት ተማሪውን ይጠይቁ ነበር። ፊደል የሚደባለቅባቸው የቤት ሥራውን በቃል እንዲቀበሉ፣ መቀመጥ የማይሆንላቸው ቆመው እንዲሠሩ ያደረጉት እየጠየቁ ነው።

በማሠልጠኛው ልማድ ተመራቂ ሥራውን ሰቅሎ በፈታኞችና በተመልካች ፊት ቆሞ ያስረዳል፤ ያላስረዳ አይመረቅም። ሌሊሳ በ2010 ዓ.ም. ቀርቦ አንድ ቃል ሳይወጣው ወደቀ። ዳግመኛ ቢወድቅ ሊሰናበት ነው። መምህርት የሺሀረግ ደንቡ ይቀየር ብለው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገቡ።

ኃላፊው አቶ ዮናስ፣ “እትዬ የሺ፣ ለአንድ ልጅ ተብሎ ደንብ ይቀየራል እንዴ?” ቢሏቸው፣ “አቶ ዮናስ፣ እርስዎስ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ የሰማዎት አለ? ኃላፊ ከመሆን ግን ማን ከለከለዎት?” አሏቸው። አቶ ዮናስ ሳቁና ሌሊሳ ሳይናገር እንዲፈተን ፈቀዱ። ይህ እዚህ እንዲጻፍ የፈቀዱትም እርሳቸው ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. ሌሊሳ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ ተሸመነው ጥለት ድረስ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ በቅደም ተከተል ደረደረ። ፈታኞች በጣት እያመለከቱ ሲጠይቁት በእርሳስ እየሣለ መለሰላቸው፤ አለፈም። በቀጣዩ ዓመት አማራጩ ለሁሉም ሲፈቀድ፣ በክፍሉ ለፍላፊ የሚባሉት ሳይቀሩ ጠረጴዛውን መረጡ።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ሁሉ ታጋሽ ይባላል። መምህርት የሺሀረግ ታጋሽ አልነበሩም፤ ስብሰባ ሲረዝም ጥለው ይወጡ፣ ታክሲ ከመጠበቅ ዳገቱን በእግራቸው ይያያዙት ነበር። ድካማቸው ስንት ትምህርት ቤት እንደለወጠም በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። አንድ ማሠልጠኛ መለወጡን ግን አይተናል፤ ሌሊሳ ዛሬ እዚያው ረዳት መምህር ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እህታቸው ወይዘሮ ኢየሩ በሕይወት አሉ።

በመጨረሻ ቤተሰባቸውን የለመኑት፣ ጫጫታ የሚከብዳቸው ተማሪዎቻቸው መጥተው መቅበር እንዲችሉ፣ በቀብራቸው ላይ ድምፅ ማጉያና ዋይታ እንዳይኖር ነው። ወይዘሮ ኢየሩ፣ “ታዲያ ሰው አልወደዷትም ይበለን?” ብለው አጥብቀው ተቃውመው ነበር። የሟች ልመና ግን ይከበራል፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ያለ ድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ ከኋላ ሆናችሁ የማይሰማችሁ በእጃችሁ ያለውን አንብቡ። ጮኾ ማልቀስ የፈለገ ከቀብር በኋላ ቤት ይምጣ፤ ወይዘሮ ኢየሩ ይጠብቁታል። ተማሪዎቹ ከዛፎቹ ሥር፣ ራሳቸው በመረጡት ቦታ ይቆማሉ።

እያንዳንዱን ፍጥረት በየመልኩ የሠራ አምላክ ለነፍሳቸው የሚስማማትን ማረፊያ ይስጥልን። አሜን።