የማድ ቤቱ መደብ

ኅዳር 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል
ቁሌቱ አረረ። በአምስት ቀን ሦስተኛው። ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ ሸትቷል። በርሜሉ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ማድ ቤቱ ከጀርባ፣ ሽንኩርቱ ሳሎን፣ ዘይቱ መኝታ ቤት። ይህን ቤት ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሂሳብ መምህር ነኝ ባዩ። ስንዱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመላለስበት አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም። ዛሬ እርምጃዬን ቆጠርኩ፤ ለአንድ ወጥ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።

ስንዱ ባለቤቴ ከሰኔ ወዲህ ቀኝ እጇ አይነሳም። እግሯም ይጎተታል። ስትሮክ ነው አሉን። ንግግሯ ተመልሷል፤ ዝግ ይላል እንጂ። ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ ደክሞኛል። ደወሉ ሳይደወል ት/ቤት መድረስ አለብኝ። ሸሚዜ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ፣ ከት/ቤት መልስ
ማስተዋል ደወለች። ልጃችን ናት፤ ቡሬ ካምፓስ፣ ሁለተኛ ዓመት። እጄ ሊጥ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው። ትምህርቱን አቋርጬ ልምጣ፣ እማዬን ላስታምም፣ አንተም ሰው ትመስላለህ አለች። ጮህኩባት። ስንዱ ሁሉንም ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ ባለ ካሬ ወረቀት አውጥቼ መሳል ያዝኩ። አዲስ ማድ ቤት፣ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ፣ ደፍ የሌለው። ውሃ፣ እሳት፣ አስቤዛ፤ ሦስቱም ሁለት ሁለት እርምጃ እንዲራራቁ። ማብሰያ መደቡ ዝቅ ያለ፣ ስንዱ ወንበር ላይ ሆና የምትደርስበት። በክፍል ውስጥ ሦስት ማዕዘን ሳስተምር ስንት ዓመቴ! እቤቴ ግን ገብቶ አያውቅም ነበር።

ኅዳር 8፣ ዓርብ
ለምሳ ስመለስ መኝታ ቤት የለችም። በረንዳ የለችም። ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ቢላዋ አጠገቧ፣ ግማሽ የተከተፈ ሽንኩርት አፈር ላይ። በግራ እጇ ስትከትፍ ጣቷን ቆርጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ በጥርሷ አስራዋለች።

ምን ልትሠሪ ነው አልኳት። ምሳ አለች። ተቆጣሁ፤ ለምን እንደተቆጣሁ አላውቅም። አልጋዋ ላይ ካስተኛኋት በኋላ ዓይኗን ጨፍና፦

«ልጅቷ ከትምህርቷ እንዳትቀር ብዬ ነው» አለች።

ምሳ አልበላንም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ ተማሪዎቹን ጠይቅ።

ኅዳር 10፣ እሑድ
ቡሬ ደርሼ መጣሁ። ስንዱን ጎረቤት አየልኝ። ማስተዋል ከስታለች። ፕላኑን ዘረጋሁላት፤ በጣቷ እየተከተለች አየችው። ጥሩ ነው አባዬ፣ ግን አንተ ክፍል ውስጥ ስትሆን እማዬን ማን ያያታል አለች። ፕላኑን አጣጠፍኩት። ፈተናዋ እስኪያልቅ ብቻ ልትጠብቅ ተስማማች። ከዚያ በኋላ የማድ ቤቱን ነገር አይቼ እወስናለሁ ነው የምትለው።

ለማድ ቤቱ የብረት ዕቃ ማጠቢያ ገዛሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ፍኖተ ሰላም ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ። ጉልበቴ አሁንም ደንዝዟል።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ
ግንበኛው አያልነህ አልመጣም። የጅጋ ሰው ነው፤ ጤፍ አጨዳ ላይ ነኝ አለ። ምን ይባላል። መብራት የለም። ከሰል እርጥብ ነው። ወገቤ።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ
መጣ። ከነወንድሙ። የሳሎኑን የጀርባ ግድግዳ ለበር ነደሉት፤ ቤቱ ሁሉ አቧራ ለበሰ። ስንዱ ስታስል ዋለች። ትናንት ጾም ገባ፤ ስህተቴን የሚሸፍንልኝ ቅቤ እንኳ የለም። ምስሩ ጥሬ ሆነ። በላችው። ጎሽ አለችኝ። ባትለኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ
ብሎኬቱ ትከሻዬ ደርሷል። ወንበሯ ላይ አስቀምጬ ከክርኗ እስከ ወለሉ ለካሁ። መደቡ 75 ሴ.ሜ ይሁን። ስለካት ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። ሲያልቅ ታየዋለች ብዬ።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

አያልነህ የመደቡን ልክ በጠመኔ ግድግዳው ላይ አሰመረ። ስንዱ ልየው አለች። ደግፌ አመጣኋት። መጀመሪያ ያየችው ለመስኮቱ የተተወውን ክፍተት ነው። ለምን ወደ አጥሩ ዞረ አለች። ጭሱ እንዲወጣ አልኩ። ጭስ ወደ ግቢውም ይወጣል አለች። አያልነህ አቀረቀረ።

እውነቱን ለአንተ ልንገርህ። ጎረቤት ማማሰያ ይዤ እንዳያየኝ ነው። አምስት ወር ሙሉ በሩን ዘግቼ፣ በጭስ እየታፈንኩ ነው የማበስለው። እሷ ታውቅ ኖሯል።

«አያልነህ፣ መስኮቱን ወደ ግቢው አድርግልን» አለችው፤ እኔን ሳትጠይቅ።

«እሽ እትየ።»

ከዚያ ግራ እጇን ጠመኔው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይሄስ ለማን ነው?»

«ለአንቺ ነዋ። ተቀምጠሽ እንድትሠሪ።»

«በአንድ እጄ ድስት አላወርድም።»

«ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ። ዶክተሩም…»

«ተው ዳኘው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የምትቆምበት አንተ ነህ። እዚህ ላይ አጎንብሰህ አንድ ዓመት ብትሠራ ወገብህ አይተርፍም። አንተ ከወደቅህ ደግሞ ልጅቷ የምር ትቀራለች። ከፍ ይበል።»

አያልነህ ጠመኔውን እንደያዘ እኔንና እሷን ተራ በተራ አየን። «ኸየት ላድርገው መምህር?» አለኝ። ሰኞ እነግርሃለሁ ብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ የተረፈው ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷን መልሶ ወደ አልጋዋ የወሰዳት አያልነህ ነው። አፈርኩ።

ኅዳር 24፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ
ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ቅዳሴ ላይም ሳስብ የቆምኩት ይህንኑ ነው። ያን ዝቅ ያለ መስመር ያዘዝኩት ተስፋ አድርጌ ነው። ከፍ ካደረግሁት እጇ አይመለስም ብዬ በሲሚንቶ መፈረሜ ነው። እሷ ግን ይህን ከእኔ በፊት ተቀብላ ጨርሳለች። መቼ እንደጨረሰች አላውቅም። ብቻዋን ነው የጨረሰችው፤ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንቺስ ምን ትሆኛለሽ አልኳት።

«አፍ አለኝ። ጨው ስታበዛ ዝም የምል መስሎሃል?»

ሳቅሁ። እሷም በአንድ ጎን ከንፈሯ ሳቀች። ቀጥሎ አለቀስን፤ ብዙም አይደለም።

ስልኩን በግራ እጇ ይዛ ማስተዋል ጋ ራሷ ደወለች። ልጅቷ ገና እማዬ ስትል አቋረጠቻት።

«አባትሽ ማድ ቤት እያሠራ ነው። ለራሱ። አንቺ ተማሪ።»

ከወዲያ በኩል ብዙ ተባለ። ስንዱ እሺም እምቢም ሳትል ሰምታ ዘጋችው። ልጅቷ ትስማ አትስማ ገና አላወቅንም።

ቆሜ ከክርኔ እስከ ወለሉ ለካሁ። የሜትሩን አንድ ጫፍ በእግሬ ረገጥኩ፤ ሌላውን ጫፍ ስንዱ ያዘችልኝ። ለአያልነህ ደወልኩ። 92 አልኩት። ለእትየስ አለኝ። ከምድጃው ጎን፣ መስኮቱ ሥር፣ ወንበር የሚገባበት ቦታ ተው አልኩት። ነገ ጠዋት ይጀምራል።