ጭቃው ከየት መጣ

ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ናቸው? ሕፃኗን ያ ጉንፋን ለቀቃት ወይ? እኛ አለን። እማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏን አላመማትም፤ ዛሬም ስትሰድበኝ ነው ያነጋችው። የደብረ ታቦርን የጥቅምት ብርድ አልነግርሽም፣ ረስተሽው ከሆነ እሰየው።

ስልክ ያልደወልኩት ስለማታወሪ ነው። በደወልኩ ቁጥር ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ቆይ፣ ሰው አለ፣ መልሼ እደውላለሁ» ነው። ሰው የሌለበት ቀን መቼም የለሽም። ወረቀት ደግሞ «ቆይ» ቢሉት አይሰማም። አንብበሽ ስታበቂ ምድጃ ውስጥ ክተቺው ከፈለግሽ፣ ግን ጨርሰሽ አንብቢው። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ይሻልሻል።

ከዜሮ ክፍሌ ሊያባርሩኝ ተነስተው ነበር።

ስጀምር የሰጡኝን ታውቂያለሽ፤ ባዶ ክፍልና ግማሽ ጠመኔ። እነዚያን ሚጢጢዎች ሰብስቦ ዝም ማሰኘት፣ ይኸው ነበር ሥራሽ የተባልኩት። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ «መርጃ መሣሪያ የት አለ? በአካባቢሽ ካለው ነገር ሥሪ እንጂ» አለኝ። ሠራኋ! ኮሌጅ አልገባሁ፣ ሰርተፊኬት የለኝ፣ ያወቅሁትን ያወቅሁት ልጆቹን አይቼ ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ተርትሬ ፊደል ጻፍኩበት። ቆርኪ ለቅሜ መቁጠር አስተማርኩበት። ሰዓዳ የምትባል ባለሱቅ አለች፤ ከእሷ ባዶ ካርቶን ለምኜ ክፍል ውስጥ ሱቅ ከፈትኩላቸው። ገዢና ሻጭ ሆነው ሲከራከሩ ብትሰሚያቸው! የሰዓዳ ልጅ ኢክራም ወገቧን ይዛ «ዱቤ የለም፣ ሂጂ!» ስትል ቁርጥ እናቷን።

እርሳስ ግን ጠላታቸው ነው። በተለይ ፍቅርተ የምትባል ልጅ፣ እርሳስ ስታስጨብጫት እጇ ይንቀጠቀጥና ታለቅሳለች። ደብተሯን በእንባ ነው የሞላችው። ለሷ ብዬ አንድ ሰኞ እማ አሽታ ካስቀመጠችው ጭቃ በፌስታል ቋጥሬ ሄድኩ። እንደ ገመድ አንከባሉ አልኳቸው፣ አንከባለሉ። አሁን አጥፉት፣ ፊደል አድርጉት አልኳቸው። አቤት የነበረው ጫጫታ! «በ» በርጩማ ናት አሉ። «ዐ» ዳቦ ነው አሉ። ፍቅርተ «መ»ን ሠርታ «እትዬ፣ ሁለቱንም ዓይን አወጣሁለት!» ብላ ጮኸች። ደረቅ ሲልላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳበሱ ስሙን ይጠራሉ። ያቺ ስታለቅስ የነበረች ልጅ አንድም አልሳተች።

ያን ዕለት «መ»ዋን በቀሚሷ ቋጥራ ቤቷ ወሰደች። እናቷ ዝናሽ ትባላለች፣ የወላጅ ኮሚቴ ናት፣ አፏ እንደኔው ነው። ልጅቷን ማታ ሆዷን ቆረጣት። በቃ! «ጭቃው ነው! ልጄን በሉብኝ!» ተባለ። ጠበል ወሰደቻት፣ ጎረቤቱን አዳረሰችው፣ «መ»ንም አጥር ላይ ወርውራ ሰበረቻት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወላጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ይሰብሰብ ተባለ። አጀንዳው እኔ ነኝ።

ከመግባታችን በፊት ርዕሰ መምህሩ በላይነህ ጎተት አድርጎኝ «ስሚኝ እህቴ፣ ከወንዝ ዳር ቆፍሬ አመጣሁት በይ፣ ነገሩ ይበርዳል፣ ክፍልሽም አይነካም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም እኮ። ፈሪ ነው። እኔም እውነቴን ነው የምልሽ፣ እስከ በሩ ድረስ እንደዚያው ልል ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለበት መንደር ማንነቴን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም፣ እማም «የእኔን ነገር አታንሺ፣ እንጀራሽን ብይ» እያለች ነው የምትሸኘኝ።

ዝናሽ ተነሳች። «እኔ ሌላ ነገር የለኝም፤ ጭቃው ከየት መጣ?» አለች።

ምን እንደነካኝ እንጃ። «ከእናቴ ጉድጓድ» አልኳት።

«እናትሽ ማን ናት?»

«ወጥ የምትሠሪበትን ድስት የሠራችልሽ» አልኳት።

እታለም፣ ልጅ ያዘለችም በእጇ የያዘችም ሁሉ ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ሸፈነች። ከእኔ። ዓርብ ዕለት ንፍጡን ከጠረግሁለት ልጅ ፊት ላይ! አያ ፈንታሁን የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው አወጡት። ደሜ ፈላ። «እኔ ቡዳ ከሆንኩ ከመስከረም ጀምሮ ልጆቻችሁን ስበላ ከርሜ ምነው አልወፈርኩ?» አልኳቸው። «ድስቱን ስትገዙ ታገላብጡታላችሁ፣ ታንኳኩታላችሁ፣ ዋጋ ታስቀንሳላችሁ። ያን ጊዜ አትፈሩም። ወጡን ስትበሉበት አትፈሩም። ልጆቻችሁ ፊደል ሲማሩበት ነው የሚበላችሁ?» ድምፄ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ። ይሰማ!

ሰዓዳ ከወደ ኋላ «እኔ የምለው፣ ልጅቷ ያን ዕለት ምን በላች ብላችሁ ጠይቃችኋል?» አለች። «ኢክራም እንደነገረችኝ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የአያ ፈንታሁን ማሳ ገብተው የባቄላ እሸት ሲግጡ ነው የዋሉት።» አያ ፈንታሁን ጋቢውን ከአፋቸው አውርደው «የእኔን ማሳ?!» አሉ። ሰው ሳቀ። ዝናሽ ግን አልሳቀችም፤ «ባቄላማ ስንበላው ኖረን የለም ወይ» አለች። ምን ትያታለሽ?

በላይነህ ተነስቶ ወሰነ፦ ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ጭቃ እንዳይገባ። እኔም «ጭቃው ከወጣ እኔም አብሬው ወጣሁ» አልኩት። ሰኞ ጆንያዬን ነቅዬ፣ ቆርኪዬን ሰብስቤ፣ ከግቢው ጫፍ ያለው ጽድ ሥር ተቀመጥኩ። ጆንያውን ቅርንጫፉ ላይ ሰቀልኩት። ብርዱ ይቆርጣል። መጀመሪያ የመጣችው ኢክራም ናት፣ ከእናቷ የተላከ ካርቶን ተሸክማ፤ «መሬቱ ይበርዳል፣ ተቀመጡበት ብላለች» አለችኝ። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ይመጡ ጀመር። ግማሹ አልመጣም፤ ዝናሽ ልጇን እስካሁን አላከችም። ግን ፍቅርተ የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ደጃፋቸው ላይ ደፍታ፣ አቡክታ፣ «መ»ን ሠርታ ተገኘች አሉኝ። እናቷ ስትጮህባት «የራሳችን ጭቃ ነው እኮ!» አለቻት። ስሰማ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ደመወዜን ይቁረጡት አይቁረጡት ገና አልታወቀም። እኔ ግን ከዚያ ጽድ ሥር የሚያስነሳኝ የለም። ይምጣ፣ ወረዳውም ይምጣ!

አንድ የዘለልኩት አለ። እሱን ልጽፍልሽ ነው ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ዝናሽ እጇን አወጣች። «ያቺን ድስት ሻጭ አውቃታለሁ» አለች። «ገበያ ላይ ስንጨዋወት ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ ብላ ራሷ ነግራኛለች። አንዷ ጎንደር ከተማ ትልቅ ቤት ገብታለች ብላ ስትኮራ ነበር። አንዷ አንቺ ከሆንሽ ሌላይቱ ማን ናት? የማን ቤት ነው የገባችው?»

ጎንደር ዘመድ የሌለው ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ሁሉም ጆሮውን አቆመ፣ በላይነህ እንኳ።

«የሰማሽው ሌላ ሰው ነው» አልኳት። «እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው።»

አየሽ፣ ስለ ጭቃው ለመዋሸት እንቢ ያለው አፌ እዚህ ላይ እንቅፋት እንኳ አልመታውም። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። የሰርግሽ ዕለት በእማ ፈንታ በእናት ወንበር ያስቀመጥሻትን ሴት አልረሳሁም፣ አልረሳም። እንዲያው ብቻ አልኩት።

ለእማ ነገርኳት። ጭቃዋን ማሸቷን አላቋረጠችም፣ «ደግ አልሽ» ብቻ አለችኝ። ባለፈው ገበያ አጠገቧ ተቀምጬ አንዲት ገዢ «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ስትላት ሰማሁ። እማ ድስቱን በገለባ እየጠቀለለች «አንዲት» አለች። ቀና ብላም አላየችኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

በይ ደህና ሁኚ። ቤትሽ አይጉደል፣ ያቺን ሕፃን ክፉ ዓይን አይያትና ክፉ ወሬም አይድረስባት። ድክ ድክ ስትል ጭቃ ብትነካ እጇን አትምቺብኝ።

የእናትሽ ልጅ