የእናቴ ፎቶ እና የቀየርከው ፕሮግራም

ኦፖኩ፣

ወደ ማምፖንግ የሚሄደው መኪና እንዳያመልጠኝ በችኮላ ነው የምጽፍልህ።

ከአክራ ስትመለስ ይርብሃል፤ ዋቼው፣ ሩዝ በባቄላው፣ ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ። የቤተ ክርስቲያኑ ባነር ታትሞ አልቋል፣ ሰኞ ከሱቃችን መጥተው ይወስዱታል።

ጠዋት ደውዬ የጮህኩብህ በአዲሱ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የተነሳ ነው። ሳትነግረኝ ቀየርከው። ብሩሾቹ ሁሉ ቦታቸውን ለቀዋል። "ኮምፒውተሩን አበላሸኸው!" ስልህ ሳቅክብኝ። "አንተ ሽማግሌ፣ አንድ ሳምንት ታገሠው፣ ትለምደዋለህ" አልከኝ።
"አንድ ሳምንት የለኝም" ብዬ ዘጋሁት።

ደንበኛ ያጣደፈኝ መስሎህ ይሆናል።

የእናቴን የሐዘን ፖስተር እየሠራሁ ነበር። ቅዳሜ አረፈች።

ያለን ደህና ፎቶ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳችው ብቻ ነው፤ ትከሻዋ ላይ የሰው እጅ አለ። እጁን ላጠፋ ብሩሹን ብፈልግ አጣሁት። ድሮ ዐይኔን ጨፍኜ አገኘው ነበር። አዲሱን መሣሪያ ስጫነው እጁንም የፊቷን መስመሮችም አጠፋቸው፤ ታናሽ እህቴን መሰለች። እንባ አልመጣልኝም። ከዚያ ወደ ነበረበት መለስኩት።

የድሮው ብሩሽ ሦስተኛው ምልክት ሥር ነው የተደበቀው። ተጭነህ ትንሽ ስትቆይ ይወጣል።

የደወልኩት ማረፏን ልነግርህ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ብሩሹ ሆነ።

የፊታችን ቅዳሜ ካረፈች ሳምንት ስለሚሆናት ማምፖንግ እናቴ ቤት ለሐዘኗ እንሰበሰባለን። ሥራ ከያዘህ አልቀየምህም።
ጥቁር ሸሚዝህን ግን ተኩሼ በሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ።

አንትዊ